የዘገየውን የኪቦርድ ድምፅ ላስተካከለልኝ ወጣት ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ክራርና ኪቦርድ ሳስተምር ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ባለፈው ወር ትልቅ ውለታ የዋለልኝን አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን እና እንደ እኔ ቤታቸው ውስጥ በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ወይም የሚያስተምሩ ሰዎች ወደ እሱ እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስሙንና ስልኩን በይፋ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ ፈቃዱን አክብሬያለሁ።

ኪቦርዴ የራሱ ድምፅ የለውም፤ የቁልፎቹን ትእዛዝ በሚያስተላልፈው የሚዲ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ተገናኝቶ ድምፁን የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ነው። ቁልፉን ስጫን ድምፁ የሚሰማው ጣቴን ካነሳሁ በኋላ ነበር፤ ራቅ ብሎ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ስናይ ምሳሩ አርፎ ከተነሳ በኋላ ድምፁ እንደሚደርሰን ማለት ነው። በዝግታ ለሚሄድ ትዝታ ሰው ራሱን አስገድዶ ሊለምደው ይችል ይሆናል፤ ለጎጃም እስክስታ ምት ግን ፈጽሞ የሚሆን አልነበረም። ተማሪዎቼ ድምፁን እየጠበቁ እጃቸውን ማዘግየት ጀመሩ፤ እጃቸው ሲዘገይ ደግሞ ድምፁ ይበልጥ ወደ ኋላ ይቀራል። አንዲት ጎበዝ የ12 ዓመት ልጅ «ምት አትጠብቂም» ብዬ በተደጋጋሚ መገሠጼን ሳስታውስ እስካሁን ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የእሷ አልነበረምና።

መጀመሪያ የሄድኩበት አንድ ሱቅ ላፕቶፑን ከፍቶ እንኳን ሳያይ «አርጅቷል፣ አዲስ ይግዙ፤ ገመዱንም ይቀይሩ» ብሎ መለሰኝ። ገንዘብ ለመበደር አስቤ ሳለሁ ነው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይህን ወጣት ያገናኘኝ። ቤቴ መጣ፤ ምንም ሳይነካ ስልኩን በኪቦርዱና በድምፅ ማጉያው መካከል አስቀምጦ መቅዳት ጀመረና «ጋሼ፣ አንዱን ቁልፍ ጠንከር አድርገው ይምቱልኝ» አለኝ። ጣቴ ቁልፉን ሲመታ የሚሰማው «ጧ» የሚለው የፕላስቲክ ድምፅም፣ ከማጉያው የወጣው ድምፅም በአንድ ቅጂ ላይ ገቡ። ቅጂውን በኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው ሁለቱ ድምፆች እንደ ሁለት ኮረብታ ተራርቀው ታዩ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሲለካው 310 ሚሊሰከንድ ሆነ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ ማለት ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ከሚጫወት ሰው ጋር አብሮ ለመጫወት እንደ መሞከር ነው። «ማሽኑ አልደከመም ጋሼ፤ ድምፁ የሚመጣበት መንገድ ነው የረዘመው» አለኝ። ለዓመታት በግምት ስማረርበት የኖርኩት ነገር ቁጥር ሆኖ ፊቴ ሲቀመጥ የተሰማኝን እፎይታ በቃላት መግለጽ ይቸግረኛል።

ቀጥሎ ያደረገው የብሉቱዝ ማጉያዬን ነቅሎ በተራ ገመድ መተካት ነበር። ብሉቱዝ ድምፁን አሽጎ ከላከው በኋላ በወዲያኛው ጫፍ ሲፈታው ጊዜ ይወስዳል፤ ዘፈን ለሚያዳምጥ ሰው አይታወቅም፣ ለሚጫወት ሰው ግን ትልቅ እንቅፋት ነው። በዚህ ብቻ መዘግየቱ ወደ 140 ሚሊሰከንድ ወረደ። የሚዲ ገመዱን ግን አልቀየረውም፤ በባለ 5 እግሩ ገመድ አንድ የቁልፍ ትእዛዝ ለመተላለፍ 1 ሚሊሰከንድ እንኳን እንደማይሞላው አስልቶ አሳየኝና «ገመዱ ንጹሕ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ያስረዳኝን ለሌሎችም ስለሚጠቅም ልጻፈው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ስለሆነ ምሳሌውን ከድጓ አመጣልኝ። በድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት ለደብተራው እንዴት እንደሚያዜም ይነግረዋል እንጂ ራሱ አይሰማም። ሚዲም እንዲሁ ምልክት ነው፤ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ ከ0 እስከ 127 ባለው ልክ ምን ያህል ጠንክሮ ተነካ፣ መቼ ተለቀቀ የሚለውንና የመሳሰለውን ብቻ ይናገራል። ምልክቱን አንብቦ የሚያዜመው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የድምፅ ፕሮግራም ሲሆን፣ ጉሮሮው ደግሞ የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆችን የያዘው ሳውንድፎንት የሚባለው ፋይል ነው። እኔ ሳላውቅ ስጠቀምበት የኖርኩት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን ፕሮግራም ነበር። የድምፅ ፋይሉ ከሮላንድ ኩባንያ የተገኘ፣ 3 ሜጋባይት ተኩል ያህል ብቻ የሆነና ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየ ነው። ፋይል ለማዳመጥ እንጂ በእጅ ለመጫወት የተሠራ አይደለም፤ የዘገየውም ለዚህ ነው።

በእሱ ምትክ ፍሉይድሲንት የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫነልኝ። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን መጫን ብቻውን በቂ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ድምፁን በጠብታ ሳይሆን በእንስራ እየሞላ ነው የሚያወጣው፤ እንስራው ትልቅ ከሆነ ውሃው እስኪሞላ እንጠብቃለን፣ በጣም ትንሽ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ሳይሞላ ያልቅና ድምፁ ይቆራረጣል። ፍሉይድሲንት በዊንዶውስ ላይ ሲጫን በራሱ የሚይዘው እያንዳንዳቸው 512 ናሙና (ድምፁ የሚከፋፈልባቸው ጥቃቅን ጠብታዎች) የሚይዙ 8 ማቆያዎችን፣ ማለትም እንስራዎችን ነው፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚሄድ ድምፅ ይህ 93 ሚሊሰከንድ ያህል ጥበቃ ማለት ነው። ባለሙያው ወደ 2 ማቆያዎችና ወደ 256 ናሙና አወረደው፤ ጥበቃው 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ሆነ። በተጨማሪም ፕሮግራሙ በዊንዶውስ የድምፅ ማደባለቂያ በኩል ሳይዞር የድምፅ ካርዱን ለብቻው እንዲይዝ አደረገው። በዚህ ምክንያት እየተጫወትኩ ሳለ ከሌላ ፕሮግራም ድምፅ መስማት አልችልም፤ ይህንንም ከመሥራቱ በፊት ነግሮኝ ፈቃዴን ጠይቋል።

ድምፁ ፈጠነ፤ ነገር ግን በየጥቂት ሰከንዱ ጠጠር የሚረገጥ የሚመስል ድምፅ ያሰማ ጀመር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማቆያውን መልሶ ያሳድገውና «ከዚህ በላይ አይቻልም» ብሎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ኮምፒውተሩን የሚያቋርጠው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተመለከተ። ጥፋተኛው የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሠራው ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ድራይቨሩን አደሰው፤ ስጫወት ዋይፋዩን እንዳጠፋም መከረኝ። መብራት ሲጠፋና ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ደግሞ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ መቆራረጡ ይመለስ ነበር፤ እሱንም አስተካከለው። በመጨረሻ ስልኩን እንደገና በመካከል አስቀምጦ ሲለካ 18 ሚሊሰከንድ ሆነ። ከ6 ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጦ ከሚመታ ከበሮ ጋር እንደ መጫወት ነው፤ ይህን ደግሞ በመድረክ ላይ ዕድሜ ልካችንን ስናደርገው ኖረናል።

ሥራው እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበር። እኔ ግን ለዓመታት የቆየብኝን ቅሬታ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጄነራል ሚዲ የተባለው ስምምነት 128 ድምፆችን ሲዘረዝር የጃፓኑን ኮቶና ሻሚሰን፣ የሕንዱን ሲታር፣ ካሊምባንም ጭምር አስገብቷል፤ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ግን የሉበትም። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ በሚሠሩ ቅንብሮች ክራሩ ባንጆ ወይም ጊታር እየመሰለ የሚሰማው። «እኛው እንቅዳው ጋሼ» አለኝ። ማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ ባጃጆች ከመነሳታቸውና የሐይቁ ወፎች ከመንጫጫታቸው በፊት፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፍነን የአባቴን ክራር ስድስቱን ክሮች እያንዳንዳቸውን በቀስታ፣ በመካከለኛና በጠንካራ ምት ቀዳን። የሦስተኛው ክር ጠንካራ ምት ላይ ጥፍሬ ክሩን ሲቧጥጥ ይሰማል፤ ላጥፋው ብዬ ብጠይቀውም አልፈቀደም፤ የክራሩ ጠባይ እሱ ነው አለኝ። 18ቱን ቅጂዎች ፖሊፎን በተባለው ነጻ ፕሮግራም አንድ ላይ አዋቅሮ፣ ቁልፉ በቀስታ ሲነካ ለስላሳው፣ ሲመታ ጠንካራው እንዲወጣ አደረገ። ድምፁ ከራሱ ቁልፍ በጣም ሲርቅ ስለሚበላሽ አንዱን ቅጂ ከሁለትና ከሦስት ቁልፍ በላይ አልዘረጋውም። የአንቺ ሆዬ ቅኝት ከኪቦርዱ እኩል ክፍፍል ጋር በትክክል ስለማይገጥም ደግሞ እያንዳንዱን ክር እኔ በጆሮዬ እየሰማሁ እሱ በግማሽ ድምፅ መቶኛ እያስተካከለ አብረን አመሸን። ፋይሉ በሙሉ 6 ሜጋባይት ገደማ ነው። አባቴ ካረፈ 9 ዓመት ሆኖታል፤ ክራሩ አሁን በተማሪዎቼ ጣት ሥር ይሰማል።

ለኮምፒውተሩ ሥራ 900 ብር ጠየቀኝ፤ ለክራሩ ሥራ ግን ገንዘብ አልቀበልም አለ። ያቺ የገሠጽኳት ልጅ በቀጣዩ ቅዳሜ መጥታ በአዲሱ ድምፅ ስትጫወት ምቷ አንድም ጊዜ አልተዛነፈም፤ እኔም በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

የወጣቱ ሱቅ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በደስታ እሰጣችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ጥንቃቄ ስለሚያበዛ ለአስቸኳይ ሥራ አይሆንም፣ የተሰበረ የኪቦርድ ቁልፍም አይጠግንም። ላፕቶፑን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ኪቦርዱን፣ ገመዱንና ሁልጊዜ የምትጠቀሙበትን ድምፅ ማጉያ አብራችሁ ውሰዱለት፤ መጀመሪያ የሚለካው ሁሉንም አገናኝቶ ነውና።