ከደብረ ብርሃን እስከ ፍራንክፈርት፦ የአንድ የቤት እንስሳት አጓጓዥ ወኪል አገልግሎት ሲመዘን

ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመኖር የተነሣ ሰው ውሻውን ወይም ድመቱን አብሮ ለመውሰድ ሲያስብ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው በረራው ነው፤ እንስሳው በጨለማ የጭነት ክፍል ውስጥ ምን ይሆናል፣ አየር ያጥረው ይሆን፣ ብርድ ይጎዳው ይሆን እያለ ይብሰለሰላል። እኔ እንዳየሁት ግን የዚህ አገልግሎት ዋናው ሥራ ከበረራው በፊት ባሉት ወራት፣ በቀን ቆጠራና በወረቀት ላይ ያለው ነው። እህቴ ከባለቤቷ ጋር ለመኖር ወደ ጀርመን ስትሄድ ቡቺ የተባለው ውሻዋ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ፍራንክፈርት እንዲደርስ ጉዳዩን ያስፈጸመልን በአዲስ አበባ የሚሠራ አንድ የቤት እንስሳት አጓጓዥ ወኪል ነው። ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ከእርሷ ጋር የተከታተልሁት እኔ ነኝ። ወኪሉ ገንዘብ የሚያስከፍልበትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚኖር ደንበኛን በማስተናገድ ረገድ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ወኪሉን በስልክ ስናነጋግር ከዋጋ በፊት የተጠየቅነው ውሻው መለያ ቁጥር የያዘ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ተቀብሮለት እንደሆነ ነበር። ቡቺ ከቡችላነቱ ጀምሮ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ሲከተብ የኖረ ውሻ ነው። ይሁን እንጂ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቺፕ ከመቀበሩ በፊት የተሰጠ ክትባት አይቆጠርም፤ መርፌውን የተወጋው ያው ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለምና። ኢትዮጵያም ኅብረቱ ቀለል ባለ ሥርዓት ከሚያስተናግዳቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ሥራው ሁሉ ከሥሩ ይጀመራል። በመጀመሪያ 15 አሐዝ ያለው፣ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ቺፕ ከቆዳው ሥር ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ዕድሜው ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው እንስሳ ይከተባል፤ ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ሲያልፍ ደሙ ይወሰድና ኅብረቱ ዕውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይመረመራል። በክትባቱ ምክንያት በደሙ ውስጥ የሚፈጠረው በሽታ ተከላካይ፣ ማለትም አንቲቦዲ፣ መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ውጤቱ ያማረ ቢሆን እንኳ ደሙ ከተወሰደበት ዕለት አንሥቶ ሦስት ወር ሳይሞላ እንስሳው እንዲገባ አይፈቀድም። ሲደመር ከክትባቱ እስከ ጉዞው አራት ወር ያህል ይፈጃል ማለት ነው። የወኪሉ ባለሙያ ይህን ሁሉ በመጀመሪያው የስልክ ንግግር ዘርዝረው ነገሩን፤ ቪዛው እስኪመጣ ሳንጠብቅ የውሻውን ጉዳይ እንድንጀምር አጥብቀው መከሩን። የሰውየው ቪዛ ቀድሞ ደርሶ ውሻው ከጎረቤት ዘንድ የሚቀርባቸው ቤተሰቦች ብዙ በመሆናቸው፣ ይህ ምክር ብቻውን ከክፍያው ግማሹን የሚያወጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደንቡ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በእኛ አካባቢ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ በመንዝ ጓሳ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ በሽታው ካልተከተቡ ውሾች መተላለፉ ነው፤ በባሌም ደጋግሞ ተነሥቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ስለዚህ ውሻን ማስከተብ ለሚሄደው ብቻ ሳይሆን ለሚቀረውም ይጠቅማል።

ወኪሉን ከሁሉ በላይ ያመሰገንሁበት ጉዳይ ከአንዳንዶች ዘንድ እንደ ተራ ነገር የሚታይ ነው፤ እርሱም የዘመን አቆጣጠር ነው። የቡቺ የክትባት ካርድ የተሞላው በእኛው አቆጣጠር ነበር። በእኛ 2017 ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈን ክትባት የፍራንክፈርት ተቆጣጣሪ ሲያነበው ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተሰጠ ይመስለዋል፤ የወሩም ስም ምንም አይነግረውም። ባለሙያዋ ከቺፑ ቀን አንሥቶ እያንዳንዱ ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ በሐኪሙ ፊርማና ማኅተም እንዲሰፍር አደረጉ፤ የክትባቱ ብልቃጥ ተለጣፊም ከነመለያ ቁጥሩ በካርዱ ላይ እንዲቀር አስደረጉ። የቺፑ ቁጥር በየሰነዱ ላይ አንድም አሐዝ ሳይዛነፍ መገኘቱን ራሳቸው እያነበቡ አመሳከሩ። ሠላሳውን ቀንና ሦስቱን ወር የሚቆጥረው የአውሮፓው ሰው በራሱ ካላንደር ስለሆነ፣ ከጳጉሜን ጋር ተደባልቆ የሚመጣ የአንድ ቀን ስሕተት እንስሳውን ከድንበር ሊያስመልሰው ይችላል። በዚህ ረገድ አንድም እንከን አላገኘሁባቸውም።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱና በሰንዳፋ በኩል የሚያልፈው መንገድ መኪና ለማያውቅ ትልቅ ውሻ ቀላል አይደለም፤ ቡቺም መንገዱን ሙሉ ሲያስመልስ ነበር። ወኪሉ ግን ቺፑን ለአንድ ቀን፣ ክትባቱን ለሌላ ቀን ቀጠሮ ያዘልን። ደንቡ የሚጠይቀው ቺፑ እንዲቀድም ብቻ ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐኪም እጅ፣ ቺፑ ተቀብሮና በማንበቢያው ተፈትሾ ወዲያው ክትባቱ ሊሰጥ ይችላል። ይህን ጠይቀን እንጂ ራሳቸው አስበውልን አልነበረም፤ ከጠየቅን በኋላ ሁለቱም በአንድ ቀን አልቋል። የደሙ ነገር የተለየ መሆኑን እቀበላለሁ፤ የሚላከው ከደሙ ተለይቶ የወጣው ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረሙ፣ ስለሆነ መለያ መሣሪያና የማያቋርጥ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ደሙ በአዲስ አበባ መወሰዱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ለአዲስ አበባ ደንበኞች ሐኪም እስከ ቤታቸው የሚልክ ድርጅት፣ ከሰሜን ሸዋ ለሚመጣ ሰው ቢያንስ ቀጠሮዎቹን ማጣመር ይገባው ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በሳጥኑ ላይ ነው። የአየር መንገዶች ዓለም አቀፍ ማኅበር በአጭሩ ኢያታ የሚባለው ነው፤ ሕይወት ያላቸው እንስሳት የሚጓጓዙበት ደንቡም ውሻው በሳጥኑ ውስጥ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ሳይነካ እንዲቆም፣ እንዲዞርና ተመቻችቶ እንዲተኛ ያዝዛል። መለኪያው ግልጽ ነው፦ የሳጥኑ ርዝመት ውሻው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ሥር ያለው ርዝመትና ከመሬት እስከ ክርኑ ያለው ከፍታ ግማሽ ሲደመሩ የሚገኘው ነው፤ ወርዱ የትከሻው ስፋት በሁለት ተባዝቶ ነው፤ ቁመቱ ደግሞ ውሻው ቀጥ ብሎ ሲቆም እስከ ጭንቅላቱ ወይም እስከ ጆሮው ጫፍ፣ የበለጠው ተወስዶ፣ የሚነጠፍለት ነገር ውፍረት ታክሎበት ነው። ወኪሉ ልኩን በስልክ ተቀብሎ ሳጥኑን ሲያዘጋጅ ጆሮውን አላሰበም፤ የቡቺ ጆሮ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ውሾች ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ሳጥኑ ሲመጣ ጆሮው ከጣሪያው ተጋጨ። ያለ ተጨማሪ ክፍያ በትልቅ ቀየሩልን፤ ሆኖም ለልምምድ ልንጠቀምበት የሚገባን ጊዜ በዚህ ባከነ። የተቀየረው ሳጥን ጥሩ ነበር፤ ክዳኑ በፕላስቲክ መቆለፊያ ሳይሆን በብረት ቡሎን የታሰረ፣ በአራቱም ጎኑ አየር የሚያስገባ፣ የውኃና የምግብ ሳሕኖቹ በሩ ሳይከፈት ከውጭ የሚሞሉ፣ ሕያው እንስሳ መሆኑንና ወደ ላይ የሚሆነውን ጎን የሚያሳዩ ምልክቶች የተለጠፉበት ነው።

ስለ ልምምዱ ማንም ወኪል በበቂ ሁኔታ አይናገርም፤ እኔ ግን የጉዞው ሰላም የሚወሰነው በዚህ ነው እላለሁ። በእኛ አገር የጊቢ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል፤ በር ተዘግቶበት ማደር የሚባል ነገር አያውቅም። እንዲህ ያለውን ውሻ በጉዞው ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በሳጥን መዝጋት ጭካኔ ነው፤ ጥርሱን በሽቦው ላይ ሰብሮ፣ እግሩን አድምቶ ሊደርስ ይችላል። እህቴ ሳጥኑን በረንዳ ላይ በሩ ክፍት እንደሆነ አስቀምጣ ምግቡን እዚያው ውስጥ ትሰጠው ጀመር፤ አሮጌ ጋቢዋንም አነጠፈችለት። ሲለምድ በሩን ለጥቂት ጊዜ፣ ቀስ በቀስም ሌሊቱን ሙሉ መዝጋት ቻለች። ወኪሉ ለደንበኞቹ ይህን በጽሑፍ ቢሰጥ ምንም ወጪ አያስወጣውም።

ብዙ ሰው ስለሚፈራው የአየር ጉዳይ በጎ ዜና አለኝ። ሕያው እንስሳ የሚጫንበት የአውሮፕላን ክፍል እንደ መንገደኞቹ ክፍል የአየር ግፊቱ የተጠበቀና የሚሞቅ ነው፤ አብራሪውም እንስሳ መጫኑን በጽሑፍ ይነገረዋል። ግፊቱ ቢያንስ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን አየር ያህል ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። የደብረ ብርሃን ውሻ በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚተነፍሰው አየር በጊቢው ከለመደው የሳሳ አይደለም ማለት ነው። ለደጋ ውሻ የሚያሰጋው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ወኪሉ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በኩል የሚያልፈውን ርካሽ በረራ ትቶ ከቦሌ በቀጥታ ፍራንክፈርት የሚያርፈውን መምረጡ ጥበብ ነበር፤ በአካባቢው የሙቀት ወራት በባሕረ ሰላጤ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ መቆየት ለጠጉራም ውሻ ሞት ሊሆን ይችላል። እንደ ፑግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎችን ብዙ አየር መንገዶች የማይቀበሉትም በሙቀትና በጭንቀት ጊዜ መተንፈስ ስለሚቸግራቸው ነው። ማደንዘዣን በተመለከተ አንድ ወዳጃችን «እንቅልፍ ይውሰደው» ብሎ ክኒን ሊሰጠን ነበር፤ ባለሙያዋ በቁጣ ከለከሉን፤ ልክ ነበሩ። ማደንዘዣ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ሚዛን ያሳጣል፣ የሚያየው ሐኪም በሌለበትም አየር መንገዶች አይፈልጉትም።

የጉዞው ዕለት በሰላም አለፈ። ሥልጣን ያለው የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ፊርማ የሰፈረበት የጤና ሰርተፍኬት አውሮፓ ከሚደረስበት ዕለት በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በእንግሊዝኛና በመድረሻው አገር ቋንቋ መሆን ስላለበትም ወኪሉ የእንግሊዝኛና የጀርመንኛውን ቅጽ አዘጋጅቶ ጠበቀን። ቡቺ ከእህቴ ጋር በአንድ አውሮፕላን፣ በሻንጣ ስም ተመዝግቦ ተጫነ። ፍራንክፈርት ላይ ተቆጣጣሪው ቺፑን አንብቦ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሮ አሳለፋቸው።

ወደ ሌላ አገር ለሚሄዱ የወኪሉ ዕውቀት እኩል ጠቃሚ ይመስለኛል። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንኛውም ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ቺፕ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ በሽታው ከሚያሰጋባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ እዚህ የተከተበ ውሻ የሚገባው ማዕከሉ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ባለበት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቦታ አስቀድሞ ተይዞለት ብቻ ነው፤ ተቀባይነት ያለው የደም ምርመራ ከሌለው 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። ይህ የማዕከሉ ደንብ ድመትን አይመለከትም። ወደ ብሪታንያ የሚሄድ እንስሳ ደግሞ በአየር ሲገባ በአብዛኛው እንደ ጭነት ነው የሚገባው፤ ውሻ ከሆነም ከመድረሱ ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሶ ትል መድኃኒት በሐኪም መውሰድ አለበት።

ዋጋው ከእህቴ ትኬት ይበልጣል። ድመት ይዞ፣ ቀለል ያለ ሥርዓት ወዳለበት አገር የሚሄድና በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ወረቀቱን ራሱ ሊጨርሰው ስለሚችል ወኪል ያስፈልገዋል ብዬ አልመክርም። ወደ አውሮፓ ኅብረት ወይም ወደ አሜሪካ ውሻ የሚወስድ የሰሜን ሸዋ ሰው ግን ይህን ወይም ይህን መሰል ወኪል ቢይዝ ይሻለዋል፤ ከመፈረሙ በፊት ግን በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ያስጨምር። የደሙ ውጤት ከ0.5 በታች ቢመጣ ውሻው እንደገና ተከትቦ፣ 30 ቀን ተቆጥሮ፣ ደሙ ተወስዶ፣ ሦስቱ ወርም ከዚያ ጀምሮ እንደ አዲስ መቆጠሩ አይቀርም፤ የሁለተኛውን ምርመራና የትኬት ለውጡን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ የእኛ ውል አይናገርም ነበር። ስንጠይቅ የምርመራውን ግማሽ እንደሚሸፍኑ በቃል ነገሩን፤ በጽሑፍ እንዲሆን ስንጠይቅ ደግሞ ሳያንገራግሩ ጽፈው ፈረሙልን።