ለጎፋው መካኒክ ምስጋና፣ አሮጌ መኪና ላላችሁም ጥቆማ

አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ እባካችሁ አንብቡልኝ። እኔ የተንገላታሁትን ሌላ ሰው እንዳይንገላታ ብዬ ነው።

መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ የ1984 ሞዴል፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ካርቡራተር ያላት። አባቴ ነው ያወረሰኝ። እናቴን ለክትትል ሆስፒታል የማመላልሳት በእሷ ነው። መንገድ ላይ ስትሄድ ምንም አይላትም። ፍሬን ስይዝ ግን ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳልሰጣት ሞተሯ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዛባል፣ ሞተሯ ይንቀጠቀጣል፣ መሪው እጄ ላይ ይርገፈገፋል። መብራት ይዞኝ እግሬን ፍሬኑ ላይ ካቆየሁት ጭራሽ ትጠፋለች። እግሬን ሳነሳ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትስተካከላለች። አንድ ቀን ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል ስንወርድ ጠፋችብኝ፤ ከኋላ ታክሲው ጡሩምባውን ይለቀዋል፣ እናቴ ጎኔ ተቀምጣ "እመቤቴ ድረሽ" ትላለች። ያን ቀን ቤት ገብቼ እጄ መንቀጥቀጡን ያቆመው ከመሸ ነው።

ከዚያ በፊት የሄድኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። የሆነውን ግን እናገራለሁ። አንደኛው ምን እንደሆንኩ እንኳን ሳይጠይቀኝ ኮፈን ከፍቶ "ካንዴላ ነው" አለ፣ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው ማለት ነው፤ ቀየረ፤ ያው ናት። ተመልሼ ስሄድ "እንግዲያው ካርቡራተር ነው" ብሎ አጠበ፤ ድጋሚ አስከፈለኝ፤ አሁንም ያው ናት። ሌላው ጋ ደግሞ የባሰ ገጠመኝ። ሞተሩ አልቋል፣ ከመኪናዋ ወርዶ መሠራት አለበት ተባለ። ይህንን እንኳን የነገሩት ለእኔ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ታናሽ ወንድሜ ነው! እኔ እዚያው ቆሜ "ለእሷ ብንነግራት ምን ይገባታል" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። የጠሩት ዋጋ የማይሞከር ነበር። "ካልቻልሽ ሽጪያት" አሉኝ። ሽጬ በምን ልተካት? በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን ይዞ መቆየት ነው እንጂ! ደግሞስ የአባቴን መኪና!

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት "ጎፋ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ጋ ሂጂ" ያለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ።

ጋሼ (ስሜን አታውጪ ስላሉኝ እንዲሁ ጋሼ ልበላቸው) ኮፈኑን አልነኩም። መጀመሪያ ያሉኝ "ልጄ፣ መቼ መቼ ነው የምትንቀጠቀጥብሽ?" ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። "ፍሬን ስይዝ" ስላቸው ረዳቶቻቸውን ዝም አሰኟቸው፤ እኔን ጋቢና አስቀምጠው "ቆማ እያለች ፍሬኑን ርገጪው" አሉኝ። ጎንበስ ብለው እግሬ አጠገብ ጆሯቸውን ሰጡ። እስስስ የሚል ድምፅ ነበረ። እኔ ስንት ጊዜ ነድቻት ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ሞተር አስጠፍተው ፍሬኑን ደጋግሜ እንድረግጥ አደረጉኝ፣ እስኪጠነክር። "እግርሽን ሳታነሺ አስነሽ፤ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከወረደልሽ ደህና ነው" አሉ። ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ኮፈን ከፍተው አንዲት ወፍራም የጎማ ቱቦ በፒንሳ ቆንጠጥ ሲያደርጉ ሞተሩ ወዲያው ተረጋጋ። መንቀጥቀጡ ጠፋ! ፍሬን ብረግጥም አልተንቀጠቀጠችም!

እኔ እንደገባኝ ሰርቮ የሚባል ክብ ነገር አለ፤ ሞተሩ በሚስበው አየር ፍሬኑን ለእግር የሚያቀልል ነው። የእኔ ውስጡ ያለው ጎማ ተቀድዷል። ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር በቅዳዱ አየር ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ሞተሩ ይታመማል። የቀረውን እሳቸው ያውቁታል። "ሞተርሽ ጤነኛ ነው። ማንም እንዳያስወርድሽ" ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ይህን ያህል ጊዜ ያስጨነቀኝ ነገር ሞተሩ አልነበረም!

"በዚህ ፍሬን አትነጂም፣ እዚሁ ትደር" ብለው ከረዳታቸው ጋር መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላኩኝ። ያመጣነውን ያገለገለ ሰርቮ ፈትሸው "ይሄም አየር ያስገባል፣ መልሱት" አሉ። ሌላ ቢሆን ገጥሞ ይሸኘኝ ነበር። ሁለተኛውን ነው የገጠሙልኝ። የወጣውን አሮጌውንም በከረጢት አድርገው "የራስሽ ዕቃ ነው" ብለው ሰጡኝ። ለምርመራው አንድ ብር አልተቀበሉም፤ የእጅ ዋጋ ብቻ።

አንዱን ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አባቴ መኪናዋ ዘይት የተቀየረላትን ቀን ሁሉ የሚጽፍባት ደብተር ነበረችው፤ እስካሁን መኪናዋ ውስጥ ናት። ጋሼ አገኟት። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ እያገላበጡ አነበቧት፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው። "አባትሽ ሥርዓት ያለው ሰው ነበር" አሉኝ። ከዚያ ከአባቴ ጽሕፈት ቀጥሎ ባለው መስመር ቀኑንና "ሰርቮ ተቀይሯል" ብለው ጻፉ። ከአባቴ ሞት ወዲህ በዚያች ደብተር ላይ ማንም ጽፎ አያውቅም ነበር። አንድም ቀን ያላዩትን ሰው እንዲህ ማክበር! ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጆችዎን ይባርክልዎ።

አሁን እናቴን ይዤ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ መብራት ላይ እቆማለሁ፣ ሞተሯ ድምፁ እንኳን አይለወጥም።

ስለዚህ አደራ! ፍሬን ስትይዙ ብቻ መኪናችሁ የምትንቀጠቀጥ ወይም የምትጠፋ ከሆነ፣ ፍሬኑም ከጠነከረባችሁ፣ ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት ጋሼ ጋ ሂዱ። ሴቶች እህቶቼ በተለይ እናንተ ሂዱ፤ የሚያናግሩት እናንተን ነው። አሁንም እላለሁ፣ ሂዱ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጃቸዋለሁ። ጠዋት በጊዜ ድረሱ፣ ወረፋ አለ። እሁድ አይሠሩም።