የኖርዝ ካሮላይና ሴቶች እግር ኳስ ቡድን፦ ከዋንጫው ይልቅ ልምምዱ ሲመዘን

አሜሪካ፣ ቻፕል ሂል ከተማ የሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን 22 የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ዋንጫ አለው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኤንሲኤኤ የሴቶቹን ውድድር ከመጀመሩ በፊት በ1981 ያነሣው ሲታከል 23 ይሆናል። ልጁን ወደዚያ ለመላክ ለሚያስብ ወላጅ ግን ዋንጫዎቹ እኩል አይመዝኑም።

ቡድኑ በ1979 ሲቋቋም ተፎካካሪው ጥቂት ነበር፤ አሠልጣኙ አንሰን ዶራንስም የሀገሪቱን ምርጥ ልጆች ቀድመው ይወስዱ ነበር። ከ1986 እስከ 1994 ዘጠኝ ዋንጫ በተከታታይ የመጣው ያኔ ነው። በ1992 ፍጻሜ ዱክ ዩኒቨርሲቲን 9 ለ 1 አሸነፉ፤ ፍጻሜ በዚህ ውጤት ሲያልቅ የውድድሩን መሳሳትም ያሳያል።

ልምምዱ ግን ዛሬም የሚያስቀና ነው። ዶራንስ ዘዴውን የወሰዱት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ከዲን ስሚዝ ሲሆን፣ በልምምድ ሜዳ የሚሆነው ሁሉ ይመዘገባል። የአንድ ለአንድ ፍልሚያ፣ ሩጫ፣ የግብ ሙከራ፣ ትንንሽ ጨዋታ፤ ማን ረታ፣ ማን ተረታ ተብሎ ይጻፍና ደረጃው ይለጠፋል። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ኮከቦች የነበሩት ሚያ ሃምና ክሪስቲን ሊሊ የተሞረዱት እዚህ ነው። ጉድለቱ፣ ኳስ ሳትነካ ክፍተት የምትዘጋ ተከላካይ ሥራ በቁጥር ለመያዝ ማስቸገሩ ነው።

አጨዋወቱ ለረጅም ዘመን 3-4-3 (ሦስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) ነበር፤ ፊት ላይ ጫና፣ ኋላ ሦስት ሰው። የኮሌጅ ሕግ ያግዘዋል፦ በመጀመሪያው አጋማሽ የወጣች በሁለተኛው ትመለሳለች፤ በሁለተኛው የወጣች ደግሞ አንድ ጊዜ መመለስ ትችላለች። ስለዚህ አጥቂዎቹ እስኪደክሙ ያሯሯጡና ያርፋሉ። ጫናው በአንድ ረጅም ኳስ ከታለፈ ግን ሦስቱ ተከላካዮች ከክንፍ ጀርባ ያለውን ሜዳ አይደርሱበትም።

ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጠነክሩ ፍጻሜው ከበደ። በ2019 ያለ ግብ ተለያይተው በመለያ ምት ለስታንፎርድ እጅ ሰጡ፤ ያኔ የስታንፎርድ ተከላካይ የኛዋ ናኦሚ ግርማ ነበረች፣ ያውም ባደገችበት ሳን ሆሴ። በ2022 ዩሲኤልኤን 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው፣ ሰኮንዶች ሲቀሩ አቻ ሆነው በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፉ። ዶራንስ በነሐሴ 2024 ጡረታ ሲወጡ ቡድኑን በጊዜያዊነት የተረከቡት ዴመን ናሃስ በዚያው ዓመት ፍጻሜ ዌክ ፎረስትን 1 ለ 0 ረቱ። ከዘጠኙ ተከታታይ ይልቅ ለዚህኛው ዋንጫ የበለጠ ነጥብ እንሰጣለን።

በ1998 ሁለት የቀድሞ ተጫዋቾች ዶራንስን በወሲባዊ ትንኮሳ መክሰሳቸውም የታሪኩ አካል ነው። እሳቸው ጥፋቱን ቢያስተባብሉም ጉዳዩ በስምምነት ነው የተዘጋው። ስለዚህ ወላጅ የትኛውንም ዩኒቨርሲቲ ሲጎበኝ ቅሬታ ከአሠልጣኙ ውጪ ለማን እንደሚቀርብ ይጠይቅ።

ስለ ገንዘቡም፦ ቀድሞ አንድ ቡድን 14 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበረው፤ ያም እየተቆራረሰ ለብዙ ልጆች ይከፋፈል ነበር። ከ2025 ወዲህ በአዲሱ ደንብ ለገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ገደቡ የተጫዋች ቁጥር ሆኗል፤ 28። «ስኮላርሺፕ አለ» ሲባል ስንት በመቶ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ።