ከአንድ አነስተኛ የንግድ ክርክር ጠበቆች ቢሮ ጋር ከዓመት በላይ ሠርተን ያየነው

ድርጅታችን ለፋብሪካዎች ማሽነሪ ያቀርባል። አንድ ገዢ የመጨረሻውን ክፍያ ከልክሎ፣ ይባስ ብሎም ማሽኖቹ ጉድለት አለባቸው በማለት ካሣ በጠየቀን ጊዜ ጉዳያችንን የያዘልን በንግድ ክርክር ብቻ የሚሠራ፣ ጥቂት ሸሪኮችና ጥቂት ረዳት ጠበቆች ያሉት ቢሮ ነበር። ክርክሩ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተነሥቶ እስከ ፍርድ አፈጻጸም ስለዘለቀ ቢሮውን በደኅናውም በክፉውም ጊዜ አይተነዋል። ግምገማው ቅሬታም ስላለበት ስሙን አልጠቅስም።

አነስተኛ ቢሮ የመረጥነው በዋጋ ምክንያት ብቻ አይደለም። አስቀድመን ያነጋገርነው ትልቅ ቢሮ የገዢውን አበዳሪ ባንክ በሌላ ጉዳይ ይወክል ስለነበር ሊቀበለን አልቻለም። ትልልቅ ቢሮዎች ባንኮችንና ትልልቅ ኩባንያዎችን በቋሚነት ስለሚያገለግሉ በእነዚህ ላይ ወይም በእነዚህ አጠገብ ክርክር ሲነሣ የጥቅም ግጭት ያስራቸዋል፤ በክርክር ብቻ የሚተዳደሩ ትንንሽ ቢሮዎች ከሚያገኙት ሥራ ቀላል የማይባለው ክፍል የሚመጣው ከዚህ ነው። የመረጥነው ቢሮ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ታሪኩን መተረክ ስንጀምር አስቆመን። በቅድሚያ የሁሉንም ተከራካሪዎች፣ የእናት ኩባንያዎቻቸውንና የዋና ዋና ባለአክሲዮኖቻቸውን ስም ብቻ ተቀብለው፣ መዝገባቸውን አጣርተው፣ ግጭት እንደሌለ በጽሑፍ ካረጋገጡ በኋላ ነው ሊሰሙን የተቀመጡት። ምስጢር ከሰሙ በኋላ ግጭት ቢገኝ ለእኛም ለሌላው ደንበኛቸውም ችግር እንደሚሆን ነገሩን። ያን ዕለት እንደ ቢሮክራሲ ታይቶን ነበር።

ስለ ቢሮው ዝና ለማጣራት የሄድንበትን መንገድ በዝርዝር መጻፍ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እንደ ቻምበርስ እና ሊጋል 500 ያሉት የታወቁ የጠበቆች ማውጫዎች ደረጃ ሲሰጡ በአብዛኛው የሚነሡት ቢሮዎቹ ራሳቸው አዘጋጅተው ከሚልኩት የሥራ መግለጫ፣ እነርሱው ከሚጠቁሟቸው ደንበኞች ቃልና ከሌሎች ጠበቆች አስተያየት ነው። ይህ ዋጋ የለውም አልልም፤ ነገር ግን መግለጫ የሚያዘጋጅ የተለየ ሠራተኛ የሌለው ትንሽ ቢሮ በማውጫ ውስጥ አለመኖሩ ስለ ችሎታው የሚነግረን ነገር የለም። ከዚህም በላይ ብዙ የንግድ ክርክር በስምምነት ስለሚያልቅና የስምምነቱ ውል ራሱ ዝርዝሩ በምስጢር እንዲያዝ ስለሚያስገድድ፣ የአንድ ተከራካሪ ጠበቃ ምርጥ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሳይወራ ይቀራል። በቢሮው ድረ ገጽ ላይ የሚታየው የድል ዝርዝር እንግዲህ የሥራቸው ጥቂቱ ክፍል ነው፤ የሚያኮራው ክፍል ላይሆንም ይችላል። በዚህ ምክንያት እኛ የጠየቅነው በተቃራኒ ወገን ቆመው የተከራከሯቸውን ጠበቆች ነበር። ያገኘነው መልስ ሙገሳ የበዛበት አልነበረም፦ በስልክ የተስማሙበትን ቀን እንደማይክዱ፣ በደብዳቤ የማይፈጽሙትን እንደማይዝቱ፣ የሌላቸውን ማስረጃ ያላቸው እንደማያስመስሉ ነገሩን። አሁን ላይ ሆኜ ሳየው ከማንኛውም ደረጃ የበለጠ የጠቀመን ይህ ምስክርነት ነው። ተቃራኒው ወገን የጠበቃችንን ደብዳቤ ባነበበ ቁጥር የተጻፈውን አምኖ ስለሚነሣ ብዙ ጥቃቅን ውዝግብ ችሎት ሳይደርስ ቀርቷል።

ሥራው የጀመረው በሰነድ ጥበቃ ነው። የኢሜይል መልእክቶችን በራሱ ጊዜ የሚሰርዘው የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲቆም፣ ሠራተኞችም ስለ ጉዳዩ በቡድን መልእክት ላይ አስተያየት መለዋወጥ እንዲተዉ አዘዙን። የውስጥ መልእክት ለጠበቃ ግልባጭ ስለተላከ ብቻ በሙያ ምስጢር እንደማይሸፈን፣ ሰነድ ለተቃራኒ ወገን ማሳየት ግዴታ በሆነባቸው አገሮች ደግሞ የሽያጭ ሠራተኛ በንዴት የጻፋት አንዲት መስመር ችሎት ላይ ልትነበብ እንደምትችል አስረዱን።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳያችን የሰጡን የጽሑፍ አስተያየት ነው ቢሮውን በእኛ ዘንድ ያስከበረው። በእኛ ዘንድ ጠንካራ ማስረጃ ተብሎ ይታይ የነበረው የገዢው ንብረት ክፍል ኃላፊ የፈረሙበት የርክክብ ቅጽ ነበር። ዋናዋ ጠበቃ ዋናውን ቅጂ ካላየሁ ብለው አስመጡ፤ ከፊርማው በታች በሌላ ቀለም በእጅ የተጻፉትን «ከሙከራ በኋላ የሚጸድቅ» የሚሉ ቃላትም አሳዩን። እነዚህ ቃላት ርክክቡን በሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ያደርጉታልና ክሱ በዚህ ቅጽ ላይ መቆም የለበትም አሉ። በምትኩ ሁለት ነገር ያዙ፦ ገዢው ጉድለት ካገኘ ተከላው ካለቀ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት የሚለውን የውል አንቀጽ፣ እንዲሁም ማሽኖቹ ተሠማርተው ያመረቱበትን የፋብሪካውን የዕለት ምርት መዝገብ። ተከሳሹ በመከላከያ መልሱ ላይ ያችኑ የእጅ ጽሑፍ ትልቅ ግኝት አድርጎ ሲያቀርብ መልሱ ቀድሞ በእኛ የክስ ማመልከቻ ውስጥ ሰፍሮ ነበር። ደንበኛ የሚወደውን ሰነድ ከመሠረቱ አንሥቶ ማስቀመጥ ጠበቃን የሚያስወድድ ሥራ አይደለም፤ ብዙዎች ቅሬታን ፈርተው ለችሎቱ ይተዉታል።

ምስክር በሚሰማበት ቀን ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። የገዢው ቴክኒሺያን ማሽኑ ከተተከለ ጀምሮ በወጉ ሠርቶ እንደማያውቅ መሰከሩ። ዋናዋ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ ቴክኒሺያኑ ራሳቸው የፈረሙበትን የምርት መዝገብ ሰጧቸውና በተከታታይ ቀናት የተመዘገበውን ቁጥር እያነበቡ እንዲያሰሙ ጠየቋቸው፤ ፊርማው የእርሳቸው መሆኑን አስረግጠው ተቀመጡ። እኛ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጥነው «ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው መሰከሩ?» የሚለውን ጥያቄ በጉጉት ስንጠብቅ ነበር። ግን ያ ጥያቄ ምስክሩ ቃላቸውን የሚያስተካክሉበት በር ይከፍትላቸው እንደነበር የገባን በኋላ፣ የተቃራኒው ጠበቃ በድጋሚ ጥያቄ በሩን ለመክፈት ሲታገሉ ስናይ ነው።

ክፍያን በተመለከተ ያለኝ አስተያየት የተቀላቀለ ነው። ቢሮው የሚያስከፍለው በሰዓት ሲሆን በብዙ የንግድ ጠበቆች ዘንድ እንደተለመደው ሰዓቱ በስድስት ደቂቃ ይከፋፈላል፤ የሁለት ደቂቃ ስልክም እንደ አንድ ክፍል ይቆጠራል። በአንድ ወር ሂሳብ ላይ «ጥናት» ከሚል ቃል በቀር ማብራሪያ የሌለው፣ ግማሽ ቀን የፈጀ ሥራ ተመዝግቦ አገኘን። ስንጠይቅ ሳይከፋቸው የተጠናውን ነጥብ ዘረዘሩ፣ ከሰዓቱም ቀነሱ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መስመር የትኛው ጭብጥ እንደተሠራበት ይገልጽ ጀመር። የባለሙያ መሐንዲስ ሪፖርት ወጪ ግን በመጀመሪያው ግምት ውስጥ አልተካተተም ነበር፤ ይህን ያወቅነው መሐንዲሱ ሂሳቡን ሲልኩ ነው። ከፍርድ ገንዘቡ በመቶኛ እንዲከፈላቸው ጠይቀን አልተቀበሉም፤ እንዲህ ያለው ውል እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በአሜሪካ የተለመደ ነው፣ በፈረንሳይ ግን ክፍያው በውጤቱ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ማድረግ የተከለከለ ሲሆን ከመደበኛው ክፍያ በላይ የውጤት ጭማሪ መስማማት ይቻላል።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዋናዋ ጠበቃ በሌላ ደንበኛ ረጅም ችሎት በተያዙበት ወቅት የእኛ መዝገብ ለሳምንታት ቆመ ለማለት ይቻላል። ረዳቷ ትጉ ቢሆኑም የመወሰን ሥልጣን አልነበራቸውም፤ የተቃራኒው ወገን የሰነድ ክምር ሲመጣም ሁለት ሰው ሊያነበው የማይችል ሆኖ ከውጭ ሰው ለመቅጠር ተገደዱ። ትንሽ ቢሮ ስትቀጥር አንድን ሰው እየቀጠርክ ነው፤ ያ ሰው ከሌለ የሚተካው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ መጻፍ ነበረበት።

ተከሳሹ በመካከሉ ከጥያቄያችን ከፊሉን ከፍሎ ለመታረቅ ሐሳብ አቀረበ። ቢሮው ያኔ የሰጠን አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው፦ ዛሬ የሚገኘው ገንዘብ በአንድ ወገን፣ በሌላው ደግሞ በኋላ ሊገኝ የሚችለው፣ ከእርሱም ላይ ብናሸንፍም የማይመለስልን ወጪ ተቀንሶ። እንደ እንግሊዝ ባሉ ተሸናፊ የአሸናፊን ወጪ በሚከፍልባቸው ሥርዓቶች እንኳ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው አይደለም፤ በአሜሪካ ደግሞ በመደበኛው እያንዳንዱ ወገን የራሱን ይሸከማል። ሐሳቡን አልተቀበልንም፤ በመጨረሻ ከጠየቅነው አብዛኛው ተፈረደልን፤ በገዢው የካሣ ጥያቄ ምክንያት ግን የአንዱ ማሽን መለዋወጫ ዋጋ ከተፈረደልን ላይ ተቀንሷል። ሠንጠረዡ ከገመተው ብዙም አልራቀም።

ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቢሮው ክሱን ከመመሥረቱ በፊት ገዢው ምን ንብረት የት እንዳለው አጥንቶ በከፊሉ ላይ የማስከበሪያ እግድ ስላስወሰነ፣ የፍርድ ባለዕዳው አሁን በየወሩ እየከፈለ ነው። ለቀጣይ የውጭ ደንበኞቻችን ውሎች ደግሞ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ አስገብተውልናል፤ የግልግል ውሳኔ በሌላ አገር እንዲታወቅና እንዲፈጸም የሚያደርገው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በኒው ዮርክ የተፈረመው ስምምነት ከ170 በላይ አባል አገሮች ስላሉት፣ የውጭ ፍርድ ቤት ፍርድ በቀላሉ በማይፈጸምባቸው ብዙ ቦታዎች የግልግል ውሳኔ የተሻለ ዕድል አለው።

የጥብቅና ውሉን ለማደስ በንግግር ላይ ነን። እኛ የጠየቅነው የተተኪ ጠበቃ ስም ከነሥልጣናቸው እንዲጻፍ፣ ለእያንዳንዱ የክርክር ደረጃ የክፍያ ጣሪያ እንዲቀመጥና የባለሙያ ወጪዎች ከጅምሩ በግምቱ ውስጥ እንዲዘረዘሩ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተቀብለዋል፤ በክፍያ ጣሪያው ላይ ገና እየተነጋገርን ነው።