ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ለተከራይም ለገዥም

ሥራ ተዛውረው ወደ ወሎ የሚመጡ ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ አላቸው። "ቤት የት ልፈልግ? ደሴ ነው ኮምቦልቻ?" በየስልኩ ከምደጋግመው ጽፌ ላስቀምጠው። ሁለቱም ከተማ ኖሬያለሁ። የእኔ ምርጫ ኮምቦልቻ ነው።

ደላላ የሚነግራችሁ የወር ኪራዩን ብቻ ነው። ሒሳቡ ግን እዚያ አያልቅም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ እግር ሥር ነው ያለችው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ሙቀቱ በ4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ይቺ 4 ዲግሪ ከኪስ ትወጣለች። ደሴ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የማታ ከሰል፣ ለልጆች ተጨማሪ ሹራብ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ ቶሎ ስለማይደርቅ የተማሪ ዩኒፎርም ሁለት ሁለት ማሰፋት ግድ ነው። ለከሰልና ለብርድ ብቻ በወር 600 ብር ብታወጡ፣ በዓመት 7,200 ብር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የኮምቦልቻው ቤት በወር 500 ብር ቢበልጥ እንኳ አትደንግጡ።

"ደሴ ተከራይቼ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ እሠራለሁ" የሚሉም አሉ። በፍጹም አልመክርም። የሚኒባሱ ታሪፍ 60 ብር ነው እንበል። ደርሶ መልስ 120 ነው፣ በ26 የሥራ ቀን 3,120 ብር። በሁለቱም ጫፍ ባጃጅ አለ፤ በቀን አራት ጊዜ፣ አንዱን ጉዞ 15 ብር ብናደርገው በወር 1,560 ይጨመራል። በድምሩ 4,680 ብር። በዚህ ላይ የክረምት ጠዋት ጉሙ ሐረጎ ላይ ሲወርድ ሾፌሩ ፊት ለፊቱን አያይም። በዚያ ቁልቁለት ስንት መኪና እንደተገለበጠ የአገሬውን ሰው ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ እኔን ያማረረኝ ግን የቤቱ ጥገና ነው። ደሴ የተሠራችው ተዳፋት ላይ ነው። ብዙ ግቢ ግማሹ ተቆርጦ፣ ግማሹ በአፈር ተሞልቶ የተደለደለ ነው። ሙሌቱ ላይ ያረፈው የቤቱ ክፍል ቀስ በቀስ ይሰምጣል። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸበሸባል፤ ግድግዳው አብሮት ይሰነጠቃል። እኔ የገባሁበት ቤት አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከመስኮቱ ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ወጣ። አከራዬ "አንተ በሩን እያላተምክ ነው" ብለው ማስለሰኛውን ከእኔ ጠየቁ። ተከራክሬ አልሆነልኝም፤ ከፍዬ ወጣሁ።

ስለዚህ ደሴ ላይ ቤት ስታዩ ቀለሙን እርሱት። በሮቹን በሙሉ ክፈቱ፣ ዝጉ። አንዱ በር ከላይ ከያዘ መሠረቱ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። ከግቢው በታች ያለውን የድጋፍ ግንብ ውረዱና እዩት። ሆዱ ከተነፋ ወይም ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ከሌለው ቤቱን ተዉት። ለምትገዙ ሰዎች ደግሞ የድጋፍ ግንብ ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ላይ የሚደመር መሆኑን አትርሱ። ሻጭ አያነሳላችሁም።

ጣሪያውንም ተመልከቱ። ቆርቆሮ ቁጥሩ ሲጨምር እየሳሳ ነው የሚሄደው። ባለ 28 ከባለ 35 በጣም ይወፍራል። ባለ 30 ተብሎ 35 የሚሸጥበት ሱቅ ሞልቷል፤ በእጅ ሲጫኑት ይታጠፋል። በደሴ ዝናብና እርጥበት ስስ ቆርቆሮ ቶሎ ይዝጋል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ደግሞ ከጣሪያው ቀጥሎ ግድግዳው ነው የሚሄደው።

ኮምቦልቻም ወጪ አላት። ዋናው ወባ ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለ አጎበር አይታደርም፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ደግሞ ባትከራዩ ይሻላል። እንጀራው ቶሎ ስለሚሻግት ፍሪጅ ያስፈልጋል፣ መብራቱ ስለሚዋዥቅ ለፍሪጁ ስታቢላይዘር። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። "ውስጡ መዳብ ነው" ተብሎ አሉሚኒየም የተጠመጠመበት ይሸጣል። መዳቡ በጣም ይከብዳል፤ ሁለቱን በየእጃችሁ አንሥታችሁ መዝኑ። ጎረቤቴ ርካሹን ገዝታ ስታቢላይዘሩም የፍሪጁ ሞተርም አብረው ተቃጠሉባት። ለጥገና የከፈለችው ደህናውን ያስገዛት ነበር።

ደሴ ቅሩ የምላቸው ሰዎች አሉ። ቤታቸው ውስጥ ሐኪም ቤት የሚመላለስ ታማሚ ካለ ደሴ ይኑሩ። ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል እዚያ ነው፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ቅርብ ነው። ልጁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጤና የሚማርም እንዲሁ፤ ኢንጂነሪንግ ከሆነ ግን ካምፓሱ ኮምቦልቻ ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም ኮምቦልቻ ነው። የገበያ ምርጫ ደሴ ይበልጣል፤ ሰኞ ገበያን የሚያህል ኮምቦልቻ ላይ አላገኘሁም።

ሥራ ፍለጋ ብቻ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ደግሞ ይህን እወቁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። በ2014 ጦርነቱ ከተማዋን አዳረሰ፣ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የአሜሪካ ገበያ ታገደች። ስለዚህ ቅጥሩን በእጃችሁ ሳትይዙ ቤት አትከራዩ።

ውል ስትዋዋሉ ቅድመ ክፍያ ላይ ጠንክሩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል። ደላላ "የስድስት ወር ካልከፈልክ ሌላ ሰው አለ" ሲላችሁ አዋጁን ጥቀሱና ጉዳዩን ለሚከታተለው የከተማው ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ስንጥቅ ካያችሁ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት በስልካችሁ አንሡት፣ ውሉ ላይም "ጥገናው በአከራይ" ተብሎ ይጻፍ።