የድሮዋ አኮ፦ የትኛው ክፍያ ያዋጣል፣ የትኛው በነፃ ይታያል

በሰሜን እስራኤል ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ አኮ ሄዶ ኪሱ የተራቆተ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ያፈሰሰው ከተማዋን በማየት ላይ አይደለም። ጀልባው፣ በወደቡ ዳር የተደረደሩት የዓሣ ምግብ ቤቶችና ሁሉን ያካተተ የሚባለው ትልቁ ቲኬት ይወስዱበታል። ከተማዋን ለሚያውቃት ግን ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ክፍያ በብዛት የሚጠየቀው ከመሬት በታች ለመውረድ ነው። ከመሬት በላይ ያለው አብዛኛው በነፃ ይታያል።

ይህ የሆነው ከታሪኳ የተነሣ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመስቀል ጦረኞች በ1104 ያዟት፤ ከ1191 ጀምሮ ለአንድ መቶ ዓመት የመንግሥታቸው መናገሻ ነበረች። በ1291 ግብፅን ይገዙ የነበሩት ማምሉኮች አፈረሷት። ከዚያ በኋላ ለዘመናት ፍርስራሽ ሆና ቆይታ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአካባቢው የአረብ ገዥ ዳሂር አል ዑመር፣ ቀጥሎም የኦቶማኑ ገዥ አሕመድ አል ጀዛር ፍርስራሹን ሳያነሡ በላዩ ላይ ገነቡባት። ስለዚህ የዛሬው ገበያና መስጊድ ጣሪያ ሲሆን ምድር ቤቱ የመስቀል ጦረኞች ከተማ ነው። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገባትም ሁለቱ ከተሞች እንዲህ ተደራርበው ስለተገኙ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ አንድ ቀን የተቀመጠባት ጴጤሌማይስም (ሐዋ. 21፥7) ይህችው ናት፤ ከዚያ ዘመን የቀረውን ግን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ለመድረስ የሚሻለው ባቡር ነው። ከሃይፋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በክራዮት (በሃይፋና በአኮ መካከል ባሉት ከተሞች) ላሉ የእኛ ሰዎች ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። የባቡሩ ጣቢያ ያለው በአዲሱ ከተማ ነው። ከዚያ እስከ ግንቡ በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ታክሲ አያስፈልገውም። የዋይዝማንን ጎዳና ይዞ ወደ ባሕሩ የወረደ ሰው በቀጥታ ግንቡ በር ላይ ይደርሳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በቀኑ ምርጫ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባቡር ይቆማል፤ እስከ ቅዳሜ ማታም የለም። ገበያው ግን የአረቦች ስለሆነ ቅዳሜም ይሸጣል፤ እንዲያውም በጣም የሚጨናነቀው ያን ቀን ነው። ቅዳሜ የግድ ከሆነ ከሃይፋ የሸሩት (በጋራ የሚሳፈሩበት) ታክሲ ይገኛል። ምርጫ ላለው ሰው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ካሉት ቀናት አንዱ ይሻላል።

የጎብኚዎች ቢሮው ከአል ጀዛር መስጊድ ብዙ ሳይርቅ፣ ዛፎች ባሉበት ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሸጠው ጥምር ቲኬት በዓይነት በዓይነት ነው፤ ለመስኮቱ ሠራተኛ ዝም ያለ ሰው ትልቁን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ለጀማሪ የፈረሰኞቹ አዳራሾችና የቴምፕላሮች (የመስቀል ጦረኞች ዘመን ተዋጊ መነኮሳት) ዋሻ ያሉበት አነስተኛው ጥምር ይበቃል። ተማሪና አረጋዊ ቅናሽ ስላላቸው መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። የድምፅ ገለጻ መሣሪያ ሲሰጥ አይናቁት። አዳራሾቹ ውስጥ የተጻፈው ማብራሪያ አጭር ነው፤ ያለ መሣሪያው ድንጋይ አይቶ መውጣት ይሆናል።

አዳራሾቹ የሆስፒታለር ፈረሰኞች (ሌላው የተዋጊ መነኮሳት ማኅበር) ሕሙማንንና ተሳላሚዎችን የሚያስተናግዱበት፣ ራሳቸውም የሚኖሩበት ግቢ ነበሩ። ኦቶማኖች አፈር ሞልተው በላያቸው ምሽግ ስለሠሩባቸው ሳይነኩ ቆዩ። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የመመገቢያ አዳራሹ ነው። ምሰሶዎቹ እጅግ ወፋፍራም ናቸው፤ አንዱን ለማቀፍ ብዙ ሰው እጅ ለእጅ መያያዝ ይኖርበታል። ከእነሱ ተነሥተው ጣሪያው ላይ የሚገናኙት የድንጋይ ቅስቶች ሲታዩ ደግሞ ያ ሁሉ ውፍረት ምን እንደተሸከመ ይገባል። በማዕዘኑ የአበባ ቅርጽ ተቀርጿል፤ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት የሆነው የአበባ ቅርጽ ነው። ልጆች ግን ከሁሉ የሚወዱት በረድፍ የተሠሩትን የድንጋይ መጸዳጃዎች ነው። በ9፡00 (በእኛ 3 ሰዓት) የገባ ሰው የአስጎብኚ አውቶቡሶች ሳይደርሱ በጸጥታ ያየዋል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል መያዝ አለበት። መዝጊያው በቀዝቃዛው ወራትና በዓርብ ቀደም ይላል፤ የመጨረሻው መግቢያም ከመዝጊያው በፊት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ መድረስ ቲኬቱን በግማሽ መጣል ነው።

ከአዳራሾቹ ወጥቶ በገበያው መካከል ወደ ወደቡ ቢወረድ፣ ዋሻው ከወደቡ በኩል ተገብቶ በመብራት ቤቱ አጠገብ ይወጣል። ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድናል። ዋሻውን ቴምፕላሮች ከምሽጋቸው ወደ ወደቡ ለመሸጋገር የሠሩት ነው። የተገኘው በ1994 ከበላዩ ባለ ቤት የፍሳሽ ቧንቧ ተደፍኖ ሲቆፈር ነው፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ1999 ነው። ከእንጨት መረማመጃው ሥር ውኃ ይፈሳል፤ አንዳንድ ቦታ ጣሪያው ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው ጎንበስ ማለት አለበት። ጠባብ ቦታ የሚያፍነው ሰውና የሕፃን ጋሪ የያዘ ቤተሰብ ቢያልፉት ይሻላል። በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልቅ ለብቻው ቲኬት ተገዝቶለት ቢሆን ቅር ያሰኝ ነበር፤ ከአዳራሾቹ ጋር ሲጣመር ግን ተገቢ ነው።

የቱርክ መታጠቢያ ቤቱ (ሐማም) በትልቁ ቲኬት ውስጥ ይካተታል። እብነ በረዱና የጣሪያው መስታወት ያምራሉ፤ ትርኢቱ ግን ግማሽ ሰዓት ይዞ የሚያቆይ የድምፅና የምስል ተረት ነው። ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ ነው። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ በሜይ 4 ቀን 1947 የአይሁድ ድብቅ ተዋጊዎች የእንግሊዞችን እስር ቤት የሰበሩት በዚህ መታጠቢያ በኩል ያለውን ግንብ በፈንጂ አፍርሰው ነው። እስር ቤቱ ራሱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ቲኬቱ ለብቻ ነው፤ ቅዳሜም ዝግ ነው።

የአል ጀዛር መስጊድ በ1781 የተሠራ ነው። ‹‹ጀዛር›› ማለት አራጅ ማለት ነው፤ ገዥው በጭካኔው ያገኘው ስም ነው። መግቢያው ጥቂት ሰቅል ብቻ ስለሆነ ዝርዝር ይያዝ። ጉልበትና ትከሻ መሸፈን፣ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ መያዝ፣ ወደ ጸሎቱ ክፍል ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ነው። በጸሎት ሰዓት ለጎብኚ ይዘጋል፤ የዓርብ ቀትር በተለይ ረጅም ነው። በግቢው የጀዛርና ተከታዩ የሱለይማን ፓሻ መቃብር አለ። ምሰሶዎቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው እርስ በርስ እንደማይመሳሰሉ ያስተውላል፤ ከቂሣርያና ከሌሎች ፍርስራሾች ተነቅለው የመጡ ናቸው።

ከዚያው ከቂሣርያ በመጡ ምሰሶዎች የተሠራው ኻን አል ዑምዳን (የነጋዴዎች ማደሪያ) ለዓመታት ተዘግቶ ስለቆየ ከውጪ ማየት ይበቃል። በ1906 የተጨመረው የሰዓት ማማ ከወደቡ ጥሩ ሆኖ ይታያል።

ከዋሻው በመብራት ቤቱ በኩል ከተወጣ ወደ ሰሜን በባሕሩ ግንብ ላይ መሄድ ነው። ክፍያ የለውም፤ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ሃይፋና ቀርሜሎስ ተራራ ይታያሉ። ናፖሊዮን በ1799 ለሁለት ወራት ከቦ ያልገባባት ከተማ ለምን እንዳልተበገረች ለመረዳት ግን በምሥራቅ በኩል ባለው የየብስ ግንብ ላይ መውጣት ይጠይቃል። ወጣቶች ከባሕሩ ግንብ ላይ ሲዘልሉ ታያላችሁ፤ ከሥሩ ድንጋይ ስላለ ልጆችን እጃቸውን መያዝ ነው። ድንጋዩ በአረማመድ ብዛት ስለለሰለሰ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አይሁን።

ምሳ በገበያው ውስጥ ሑሙስ (የተፈጨ የሽምብራ ምግብ) ነው። ከጓዳው ሲወጣ ትኩስ ነው፤ ከፒታ፣ ከሽንኩርትና ከኮምጣጣ አትክልት ጋር ይቀርባል። ሦስት ዓይነት አለ፦ ባዶው፣ ሙሉ ሽምብራ ያለበትና ፉል ያለበት። አዲስ አበባ ፉል የለመደ ሰው የመጨረሻውን ይምረጥ። ቅቤም ወተትም የለውም፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ያለ ሥጋት ይበላል (ላብነ የሚባለው ነጩ ግን እርጎ ነው፤ ይጠየቅ)። ዝነኞቹ ቤቶች ድስቱ ሲያልቅ ስለሚዘጉ ከቀትር ብዙ አለመዘግየት ነው። የቅመም ሱቆቹ ውስጥ አብሽና ጥቁር አዝሙድ በቀላሉ ይገኛል። ‹‹ሄል›› ተብሎ የሚሸጠው ግን ኮረሪማ አይደለም፤ ለቡና ይሆናል፣ ለበርበሬ ግን አይተካም።

ጀልባ ለመሳፈር ከተፈለገ ጀልባውን ሳይረግጡ ዋጋውን መጠየቅ ነው። ሰው እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ሙዚቃውም ይጮኻል። ያንኑ ግንብ በእግር በነፃ ስላያችሁት ብዙ አይጨምርላችሁም።

ሙሉ ቀን ያለው ሰው ከከተማው በስተ ሰሜን ያለውን የባሃኢዎችን የባህጂ የአትክልት ቦታ ማየት ይችላል። በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። የባሃኢ እምነት መሥራች የባሃኦላህ መቃብር ያለበት የውስጠኛው ክፍል የሚከፈተው ጠዋት ብቻ፣ ያውም በሳምንቱ የተወሰኑ ቀናት ስለሆነ፣ እሱን የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ከባህጂ ይጀምር፤ አዳራሾቹን ከቀትር በኋላ ወዲያው ይያዝ። የመመለሻውን ባቡር ሰዓት ደግሞ ጠዋት ሲደርሱ ማየት ነው፤ ከግንቡ እስከ ጣቢያው ያለው 25 ደቂቃ ማታ በደከመ እግር ይረዝማል።