ዲፋይ ወይስ ኤን-ኤይት-ኤን፦ የሥራ ፍሰትን ከክሎድ ጋር ለማገናኘት የትኛው ያዋጣል?

ዲፋይ በተባለው የመተግበሪያ መገንቢያ የሠሩትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ከክሎድ ዴስክቶፕ (የክሎድ ረዳት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ወይም ከኩርሰር (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ውስጥ ሆነው ማዘዝ የሚፈልጉ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙልኛል፦ የዲፋይን የኤምሲፒ ሰርቨር ፕለጊን (ተጨማሪ ቅጥያ) እንጫን ወይስ ሥራውን ወደ ኤን-ኤይት-ኤን፣ ማለትም ሥራን ደረጃ በደረጃ በራሱ ወደሚያስኬደው መሣሪያ፣ እናዛውር? ኤምሲፒ እንደ ክሎድ ያሉ ረዳቶች ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚገናኙበት የጋራ ደንብ ነው። የእኔ ምርጫ በራስ ሰርቨር ላይ የተጫነ ኤን-ኤይት-ኤን ነው፤ ዋናው ምክንያቴም ገንዘብ ነው።

በደመና አገልግሎት የዲፋይ ፕሮፌሽናል እርከን በወር 59 ዶላር ሲያስከፍል፣ የኤን-ኤይት-ኤን መነሻ እርከን በየወሩ ለሚከፍል 24 ዩሮ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ መቶ ብርን ስለተሻገረ፣ 59 ዶላር ማለት በየወሩ ከ5,900 ብር በላይ ማለት ነው፤ ያውም በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ላገኘ ሰው። ሁለቱም በራስ ሰርቨር ላይ ተጭነው ለድርጅቱ የውስጥ ሥራ ሲውሉ የፈቃድ ክፍያ ስለማይጠይቁ፣ ወጪውን የሚወስነው የሰርቨሩ ኪራይ ይሆናል። ዲፋይ ከዳታቤዝና ከፕለጊን አስተናጋጁ ጋር በርካታ ኮንቴይነሮችን (ለየብቻ ታሽገው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) ይዞ ስለሚነሣ ቢያንስ 2 የፕሮሰሰር ኮርና 4 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል። ኤን-ኤይት-ኤን ግን ለአነስተኛ ሥራ በአንድ ኮንቴይነር ስለሚበቃው በርካሽ ሰርቨር ይሠራል።

ብዙዎች የማያሰሉት ሌላም ወጪ አለ። ክሎድ በውስጡ ሞዴል ያለበትን የዲፋይ መተግበሪያ ሲጠራ፣ ለክሎድ ከሚከፈለው በተጨማሪ የውስጡ ሞዴል በራሱ የኤፒአይ ቁልፍ (አገልግሎቱን በፕሮግራም ለመጥራት በሚያገለግል መለያ) ያስከፍላል፤ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይከፈላል ማለት ነው። በኤን-ኤይት-ኤን የምሠራቸው ፍሰቶች መረጃውን ከዳታቤዝ አውጥተው ብቻ ይመልሳሉ፤ ማሰቡን ለክሎድ እተወዋለሁ። በዲፋይም ሞዴል የሌለው ፍሰት መሥራት ይቻላል፤ ለዚያ ብቻ ግን ያን ሁሉ ኮንቴይነር መሸከም አያዋጣም።

ፕለጊኑን የማልመክርበት ምክንያት ጥገናው ነው። መተግበሪያው የሚቀበላቸው ግብዓቶች በጄሰን (በተለመደ የመረጃ አጻጻፍ) ቅርጽ በእጅ መጻፍ አለባቸው፤ የውይይት ዓይነት ከሆነ ደግሞ የጥያቄው መስክ መካተቱ ግዴታ ነው። በኋላ በመተግበሪያው ውስጥ አንድ ግብዓት ቢለወጥ፣ ጽሑፉን የሚያስተካክለው ሰው እስኪያስታውስ ድረስ ክሎድ አሮጌውን መላኩን ይቀጥላል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 ከወጣው ከ1.6.0 ጀምሮ ዲፋይ ራሱ መተግበሪያን እንደ ኤምሲፒ ሰርቨር ስለሚያወጣ፣ ይህን እትም የጫነ ሰው ለፕለጊኑ የሚደክምበት ምክንያት የለውም። በሁለቱም መንገዶች ግን ቁልፉ ያለው በአድራሻው ውስጥ ነው፤ አድራሻው እጁ የገባ ሰው ሁሉ በባለቤቱ ወጪ መተግበሪያውን ሊጠራ ይችላል። የኤን-ኤይት-ኤን የኤምሲፒ ሰርቨር መቀስቀሻ ኖድ (ፍሰቱን የሚያስጀምረው ክፍል) ከአድራሻው የተለየ ቶክን፣ ማለትም ሚስጥራዊ የመግቢያ ኮድ፣ መጠየቅ ይችላል።

ኤን-ኤይት-ኤንም ያለ ጣጣ አይደለም። ጥያቄዎችን ተቀብሎ ከሚያስተላልፈው ኢንጂንኤክስ ከተባለ የድር ሰርቨር ጀርባ ሲቀመጥ ለኤምሲፒ መንገዱ የኢንጂንኤክስ መልስ አጠራቅሞ የመላክ ልማድ ካልተዘጋ ግንኙነቱ ይንጠለጠላል፤ ጥፋቱ የት እንዳለ የሚናገር የስህተት መልእክት ስለማይመጣም ሰው ቶክኑን ሲቀያይር ይውላል።

በየቦታው ተዘጋጅተው ከሚገኙ አገናኞች ግን መጠንቀቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ፖስትማርክ የተባለውን የኢሜይል አገልግሎት ስም የያዘ አስመሳይ የኤምሲፒ ጥቅል በኤንፒኤም (የፕሮግራም ጥቅሎች በሚወርዱበት ማከማቻ) ላይ ተጋልጧል፤ በርካታ ንጹሕ እትሞች ካወጣ በኋላ በ1.0.16 በተጨመረ አንድ መስመር የሚላከውን ኢሜይል ሁሉ በስውር ለባለቤቱ ይገለብጥ ነበር። ከሩቅ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኤምሲፒ-ሪሞት የተባለው ድልድይም ከ0.0.5 እስከ 0.1.15 ባሉት እትሞቹ፣ የማይታመን ሰርቨር በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ እንዲያስኬድ የሚፈቅድ ክፍተት ነበረበት፤ የተዘጋው በ0.1.16 ነው። አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ በክፍያ የሚገጥመው የተቀዳ ማዋቀሪያ አሮጌውን እትም ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የእትሙን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ሥራው በብዙ ሰነዶች ውስጥ መፈለግ ለሆነበት ድርጅት ግን ዲፋይን እመርጣለሁ፤ የእውቀት ቋቱ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ በኤን-ኤይት-ኤን ከባዶ መገንባቱ የሰርቨር ኪራዩን ልዩነት ይበላዋል። እንዲህ ያለው ተጠቃሚ ፕለጊኑን ትቶ ዲፋይን ወደ 1.6.0 ወይም ከዚያ በላይ ያሳድግ፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥርም አድራሻውን እንደ አዲስ ያመንጭ።